ስንት ብለን እንጀምር?

አጋሮ ላይ ቡና ሲሸጥ ያየ ሰው የጨረታን ነገር ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። እሸቱን ለቅሞ ወደ ገበያ ያወረደ ገበሬ ፊት ሦስት ሰብሳቢዎች ከቆሙ ዋጋው በእነሱው ፉክክር ይወጣል። አንድ ብቻ ከመጣ ግን ያ ሰው አፉን ሲከፍት የጠራው ዋጋ የመጨረሻውም ዋጋ ነው። ይህን እያየሁ ያደግሁት እኔ፣ የአጎቴን ፖስት ካርዶች በኢንተርኔት ለመሸጥ በተነሣን ጊዜ ጨርሶ ዘነጋሁት።

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአንድ ቡና ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስት ካርድና ቴምብር ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። አልበሙን ዋሽንግተን የሚኖረው ልጃቸው ከዓመታት በፊት ይዞት ሄዷል። ባለፈው ክረምት የእቴቴ ቤት ቆርቆሮ ዝናብ ማስገባት ሲጀምር «ያ የአባትህ ወረቀት ገንዘብ ያወጣል ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። እሱ ፎቶ ሊያነሳና በኢቤይ ሊያወጣ፣ እኔ ደግሞ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ» ተብዬ መግለጫውን ልጽፍ፣ መነሻ ዋጋውንም ልቆርጥ ተስማማን።

የመጀመሪያዋ ካርድ የተመካንባት ነበረች። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ርዕሰ ከተማ አድርጓት እንደነበር ይታወቃል። ካርዷ ላይ በ1930 ዓ.ም. የወጣው የ«ምሥራቅ አፍሪካ ኢጣሊያ» ቴምብር አለ፤ በቴምብሩም ላይ በላቲን ፊደል የጅማ ስም የተቀረጸበት ማኅተም በግልጽ አርፏል። አጎቴ ያገኟት ከጦርነቱ በኋላ ጅማ ከቀሩ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው። እኔም በኢንተርኔት ሳገላብጥ አንድ ሻጭ ለተመሳሳይ ካርድ 180 ዶላር ሲጠይቅ አየሁና «እኛ እንኳ ደግ እንሁን» ብዬ በ150 አስጀመርኩ።

ሰባት ቀን ሙሉ አንድም ሰው አልተጫረተም። ሦስት ሰዎች ካርዷን ከሩቅ ሲከታተሉ እንደነበር ገጹ ላይ ይታያል፤ እነሱም ዝም አሉ። እቴቴ በየማታው ስልክ ይደውላሉ፤ «ዛሬስ ስንት ደረሰ?»

ስህተቴ ተራ ነበር። ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ ገዢ የከፈለው አስመስዬ ወሰድኩት። የተሸጡትን ዕቃዎች ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ቦታ እዚያው ገበያ ላይ አለ፤ ገብቼ ብመለከት እንዲህ ያሉ ካርዶች ከ40 እስከ 70 ዶላር ነው የሄዱት። የ180ው ሰውዬ ካርድ ዛሬም ድረስ እዚያው ተሰቅሏል።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ ዴቪድ ሉኪንግ ራይሊ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህንኑ ጉዳይ በገዛ እጁ ሞክሮታል። «ማጂክ» የሚባሉትን የጨዋታ ካርዶች በኢንተርኔት ለጨረታ እያወጣ መነሻ ዋጋቸውን አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አደረገ። መነሻው ከፍ ሲል ተጫራቹ ይቀንሳል፤ ሳይሸጥ የሚመለሰውም ይበዛል። ከተሸጠ ግን የተሻለ ዋጋ ያወጣል። እንግዲህ መነሻ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው የሚመርጠው ከሁለት ፍርሃት አንዱን ነው፦ ሳይሸጥ ይቀራል ወይስ በርካሽ ይሄዳል?

ካርዷን እንደገና በ99 ሳንቲም አወጣናት። ስድስት ቀን ሙሉ ከ11 ዶላር ፈቀቅ ሳትል ቆይታ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ሰዎች ተያያዙና 64 ዶላር ላይ ቆመች። የዚህ ጨረታ አሠራር እንዲህ ነው፤ ተጫራቹ መክፈል የሚችለውን ጣሪያ አስቀድሞ ያስገባል፣ ማሽኑም ተፎካካሪውን የሚያስበልጠውን ያህል ብቻ እየጨመረለት ይሄዳል። ስለዚህ አሸናፊው የሚከፍለው የራሱን ጣሪያ ሳይሆን ከተሸናፊው ጥቂት ከፍ ያለውን ነው። ዋጋውን የሚወስነው ተሸናፊው ነው ማለት ይቻላል።

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ በ«ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ውድድር ቀርቦ በኢንተርኔት ሲጫረት የሲዳማው ገበሬ የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና በአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ እንኳ ለማይሞላ፣ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም አውጥቷል። መነሻው ከዚያ እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ቡናውን አስቀድመው የቀመሱ፣ ከየአገሩ የተጠሩ ብዙ ገዢዎች ነበሩና መነሻው ዝቅ ማለቱ አልጎዳውም። በጎማ ወረዳ መንገድ ዳር አንድ ሰብሳቢ የሚጠብቀው ገበሬ ግን ይህ ዕድል የለውም።

እኔ ይህን ማሰብ ሲገባኝ በ64ቱ ዶላር ሰክሬ «የቀሩትንም ሁሉ በ99 ሳንቲም አውጣቸው!» አልኩት። አብዛኞቹ ካርዶች ደህና ሄዱ። አንዲት የአዲስ አበባ ካርድ ግን አንድ ተጫራች ብቻ አግኝታ በዚያችው በ99 ሳንቲም ተሸጠች። ሥዕሏ የትም የሚገኝ ነው፤ የውጭ አገር ሰው በአማርኛ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ጀርባ ምን ያደርግለታል? ተሽጣ ከተላከች በኋላ ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት። አጎቴ ለሥራ አዲስ አበባ ወጥተው ሳሉ ገና ላላገቧት ለእቴቴ የላኩት ነው። የቡና ዋጋ መውደቁን ይገልጹና መጨረሻ ላይ «የጫማሽን ቁጥር ጻፊልኝ» ይላሉ።

ልጃቸው አማርኛ ይናገራል እንጂ የእጅ ጽሑፍ አያነብም። መግለጫውን የጻፍኩት እኔ፣ ጀርባዋን ሳላይ።

ለእቴቴ ሳንነግራቸው ለገዢው ደብዳቤ ጻፍንለት። ትሑት ሰው ነው፤ ካርዷን ሊመልስ ፈቃደኛ መሆኑን፣ ዋጋዋም 25 ዶላር እንደሆነ መለሰልን። ልጃቸው «ትንሽ እንከራከረው?» አለኝ። ገዢው እኛ ብቻ ነን፣ ካርዷም ያለችው እሱ እጅ ነው፤ በምን እንከራከራለን? ከ64ቱ ዶላር ላይ ቀንሰን ከፈልን።

ካርዷ በሰው እጅ አጋሮ የገባች ዕለት እቴቴ መነጽራቸውን ፈልገው ሁለት ጊዜ አነበቧት። «ይቺን ደግሞ ምነው ሳትሸጧት ቀራችሁ?» አሉኝ። ገዢ አልመጣም አልኳቸው።

«ሠላሳ ሰባት ነበር ቁጥሬ» አሉ። «እሱ ሠላሳ ስምንት ገዝቶ መጣ።»