ትንፋሽ ስቆጥር

ልጄን ከወለድኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። እሱ ይተኛል፤ እኔ በየአሥር ደቂቃው ተነስቼ እጄን አፍንጫው ሥር አደርጋለሁ። ይተነፍሳል? የሕፃናት ሐኪሙ «ጤነኛ ነው» ቢለኝም ልቤ አላርፍ አለ። እናቴ «የአራስ ነገር ነው፣ ያልፋል» ትለኛለች።

ሕፃን ይዤ መመላለሱ ስለከበደኝ በስልክ፣ በቪዲዮ የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈለግሁ። የመጀመሪያዋ በእንግሊዝኛ ነበር የምታናግረኝ። ጎበዝ ናት፤ እኔ ግን «ሆዴ ይባባል» የሚለውን ስተረጉም ሰዓቱ አለቀ። ሁለተኛው «አይዞሽ» እያለ ሲመክረኝ ቆየ። ቀለል ብሎኝ ዘጋሁት፤ ሌሊቱን ግን እንደ ወትሮው ስቆጥር አደርኩ።

ሦስተኛዋ በአማርኛ «ባታዪው ምን የሚሆን ይመስልሻል?» አለችኝ። ቃሉን ለማውጣት ፈራሁ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት አንዱ ሌላውን እንደሚጎትት አስረዳችኝ፤ ተነስቼ ባየሁት ቁጥር ለጊዜው ይቀለኛል፣ ፍርሃቱ ግን ሥር ይሰዳል። የቤት ሥራም ሰጠችኝ፦ የመጣብኝን ሐሳብ ደብተር ላይ መጻፍ፣ አሥሩን ደቂቃ ሃያ፣ ከዚያ ሠላሳ ማድረግ። በሳምንቱ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀችኝ ደብተሩን ነበር። «የኔ ሐኪም ይቺ ናት» ያልኩት ያኔ ነው።

ባለፈው ሌሊት የተነሳሁት ለማጥባት ብቻ ነው። አልጋው አጠገብ እናቴን አገኘኋት፤ ጎንበስ ብላ ትንፋሹን ታዳምጣለች።

«አንቺንም እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለማን ይነገራል ብዬ ነው እንጂ።»