ፍርፋሪውን መሰብሰብ

ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ከመገበ በኋላ፥ የተረፈው ፍርፋሪ እንዳይጠፋ ይሰበሰብ ዘንድ አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ሁሉን ማብዛት የሚችል አምላክ ስለ ፍርፋሪ መጠንቀቁ ዘወትር ያስደንቀኛል። በዚህ ዘመን ይህን ነገር የሚያሳስበኝ ከወንጪ ወደ አምቦ የሚወርደው መንገድ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ሄዷል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስትሆን የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ወንጪ ቂርቆስን ለመሳለም የሚወጣ መኪና ከባትሪው ብዙ ኃይል ይከፍላል። ሲመለስ ግን ነጂው እግሩን ከፍጥነት ፔዳል ቢያነሣ፥ መንኰራኵሩ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ኤሌክትሪክ አመንጪ ሆኖ፥ መኪናውን እያዘገመ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የነዳጅ መኪና ፍሬን በያዘ ቍጥር ይህንኑ ኃይል ሙቀት አድርጎ ለነፋስ ይሰጠዋል።

ሒሳቡን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ አሳይቻለሁ። ከነተሳፋሪዎቹ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቢወርድ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል። ከዚህም በአየርና በሰበቃ ከሚጠፋው የተረፈው ይመለሳል።

አንድ ተማሪም፦ «መምህር፥ እንግዲያውስ ደጋግሞ መፍጠንና ደጋግሞ ማቆም ያተርፋላ?» ሲል ጠየቀኝ። አያተርፍም፤ ኃይል ወደ ባትሪ ገብቶ በወጣ ቍጥር ይቀንሳልና። ፍርፋሪ ለመሰብሰብ ብሎ እንጀራውን የሚቈራርስ ማን ነው? አስተዋይ ነጂ በጊንጪ ሜዳ መኪናው በራሱ ግፊት እንዲንከባለል ይተወዋል፤ ከፊቱ ከብት ሲሻገር ከሩቅ አይቶም እግሩን አስቀድሞ ያነሣል።

ደግሞም የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል ሊቀበል አይችልምና፥ ቁልቁለት ከመጀመር በፊት ጥቂት ቦታ መተው ይገባል። ማርሹን ፍሪ አድርጎ መውረድም የሚመለሰውን ኃይልና የሞተሩን መያዣነት በአንድነት ያሳጣል። የእግር ፍሬኑም ዘወትር በደኅና ሁኔታ መጠበቅ አለበት።

በገበያ ቀን መንገዳችን የእግረኛና የአህያ ነው። አስቀድሞ የሚያስተውል ነጂ ከባትሪው ይልቅ የሰው ነፍስ ይጠብቃል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ የመኪና ቁልፍ ስትሰጡ ይህን ትዕግሥት አብራችሁ ስጧቸው።