የወታደር ቋንቋ በምን ይመዘናል?

ወታደር ለግዳጅ ከመሰማራቱ በፊት ዒላማ ይተኩሳል፤ ነጥቡም ይቈጠርለታል። ዓይኑንና ልቡንም ሐኪም ይመረምረዋል። ስለ ቋንቋው ግን ብዙ ጊዜ «ታውቃለህን?» ይባላል፤ እርሱም «አውቃለሁ» ይላል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ምሳሌ አባቶቻችን ያወረሱን ለሰላም ጊዜ ኑሮም ነው፤ በጦር ሜዳ ግን ያው ወለምታ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ የወታደርን የቋንቋ ዕውቀትና ቋንቋውን ያስተማረውን ትምህርት ቤት እንዴት መመዘን እንደሚገባ ጥቂት ልንል አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ያስተውሉልን።

እኛ በሥራችን ምክንያት የሠራተኞችን የግል ማኅደር ስናገላብጥ፣ «የሚያውቀው ቋንቋ» ከሚለው ረድፍ ፊት ለፊት «በጣም ጥሩ» የሚል ቃል ያልተጻፈበትን ቅጽ የምናገኘው ከስንት አንድ ነው። ይህን የሚጽፈው ባለጉዳዩ ራሱ ነው፤ ለመዋሸት አስቦ ግን አይደለም። አንዱ «በጣም ጥሩ» ሲል ጋዜጣ አነባለሁ ማለቱ ነው፤ ሁለተኛው ገበያ ወርጄ ተከራክሬ እገዛለሁ ማለቱ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በተማሪነቴ በሰዋስው ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ነበርሁ ማለቱ ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ዕውቀቱ ሦስት ነው።

ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት እንደማይበቃ ሁሉ፣ ሌላው ሰው መልክና ስም አይቶ የሚገምተውም አይበቃም። ለዚህ የአሜሪካ ጦር ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። በ1941 ከጃፓን ጋር ጦርነት መቃረቡ በታወቀ ጊዜ ጃፓንኛ የሚያውቁ ወታደሮች አስፈለጉ። ወላጆቻቸው ከጃፓን የመጡ፣ ራሳቸው ግን በአሜሪካ የተወለዱ ብዙ ወታደሮች በጦሩ ውስጥ ስለ ነበሩ ችግሩ የተቃለለ መሰለ። ዳሩ ግን 3700 የሚያህሉት ሲመረመሩ ቋንቋውን አጥርተው የሚያውቁት ከመቶ 3 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከመቶ 4 የሚሆኑት ደኅና ችሎታ ነበራቸው፤ ሌሎች ከመቶ 3 ደግሞ ከረጅም ትምህርት በኋላ ሊጠቅሙ የሚችሉ ነበሩ። በኅዳር ወር 1941 በሳን ፍራንሲስኮ፣ በአንድ አሮጌ የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ፣ 60 ተማሪዎች ይዞ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው የዋናው መምህር የጆን አይሶ ነገር ነው። እርሱ የታወቀ የሕግ ትምህርት ያለውና ጃፓንኛን በሚገባ የተማረ ሰው ሳለ፣ ጦሩ በተራ ወታደርነት በተሽከርካሪ ክፍል መድቦት ነበር። እንግዲህ ምዘና ሲጠፋ ጉዳቱ እጥፍ መሆኑን እናያለን፤ የማያውቀው እንደሚያውቅ ይቈጠራል፤ የሚያውቀውም ተሸሽጎ ይቀራል። ያ ትምህርት ቤት ጦርነቱ አልፎ እስኪረጋጋ ድረስ ወደ 6000 የሚጠጉ ሰዎች አስመረቀ፤ በ1946 ወደ ሞንተሬ ተዛውሮ ዛሬ ለታወቀው የመከላከያ ቋንቋ ተቋም መሠረት ሆነ።

ስለ መለኪያው ስንናገር፣ በ1952 የአሜሪካ መንግሥት ቋንቋ የሚያውቁ ሠራተኞቹን ሊመዘግብ ሲነሣ፣ ሁሉን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ደረጃ እንደሌለው ተረዳ። ከዚህ የተነሣ የውጭ ጉዳይ ማሠልጠኛቸው ደረጃ ማውጣት ጀመረ፤ በ1968 ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ተባብረው ከ0 እስከ 5 ያለውን ደረጃ ለመስማት፣ ለመናገር፣ ለማንበብና ለመጻፍ ለየብቻ ጻፉት። በ1976 የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን ድርጅትም ይህንኑ መሠረት አድርጎ የራሱን አወጣ። የዚህ ሥርዓት ጥበቡ ሰውን በአንድ ቍጥር አለመፍረዱ ነው። በማንበብ 3 ያገኘ መኰንን በመናገር 1 ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሰነድ ቢሰጡት ይጠቅማል፤ ከአስታራቂዎች መካከል ቢያስቀምጡት ግን ራሱም ይቸገራል፤ ሌላውንም ያስቸግራል።

ደግሞም ሁለት ዓይነት ፈተና መኖሩን መለየት ይገባል። አንደኛው ተማሪው የተማረውን ምዕራፍ መያዙን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የትም ይማር የት፣ በቋንቋው ምን ሊሠራ እንደሚችል ይጠይቃል። ለመምህሩ የመጀመሪያው ያስፈልገዋል፤ ለአዛዡ የሚያስፈልገው ግን ሁለተኛው ነው። በንግግር ምዘና ጊዜ መርማሪው ከቀላል ጨዋታ ይጀምርና ተማሪው አንደበቱ እስኪያዝ ድረስ ጥያቄውን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያም መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፤ የዕውቀቱ ወሰን በዚያ ይታወቃል።

ትምህርት ቤቱም ራሱ መመዘን አለበት፤ ነገር ግን ባስመረቃቸው ተማሪዎች ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። በሞንተሬ እስጳንኛ 36 ሳምንት ሲፈጅ፣ ቻይንኛና ዓረብኛ 64 ሳምንት ይፈጃሉ፤ የሁለቱን መምህራን በእኩል ጊዜ እኩል ፍሬ አምጡ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ከዚህም በቀር መምህር የሚመሰገነው ባሳለፈው ቍጥር ብቻ ሲሆን፣ ቋንቋውን ትቶ ፈተናውን ማስተማር ይጀምራል። የትምህርት ቤት እውነተኛ ምስክሩ ተማሪው በሥራው ቦታ ከወራት በኋላ የሚያሳየው ብቃትና የአለቃው ቃል ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ዘምቶ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲዋጋ፣ የአለቃውና የወታደሩ ቋንቋ የተለያየ ነበር። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት ለአብዬ ባቋቋመው ጦር ውስጥም በመጀመሪያ የበዙት የኛ ወታደሮች ነበሩ። በዚያ የሚኖሩት ዲንቃዎችና ዓረብኛ ተናጋሪ ሚሴሪያዎች ናቸው፤ የጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ከፍ ያለ ነጥብ ያለው መኰንን ከብቱ የተዘረፈበትን እረኛ አቤቱታ በዚያ ነጥብ ብቻ ሊሰማ አይችልም። እንግዲያስ ከፈተናው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ያውቃል?» ብቻ ሳይሆን «ከማን ጋር ሊነጋገር ነው?» የሚለው ነው።

በእኛ አስተያየት ዝቅተኛ ነጥብ ማግኘት ነውር አይደለም፤ ያልደረሱበትን ደረጃ በምስክር ወረቀት መስጠት ግን ነውር ነው። ለተማሪ በማዘን የሚጨመር አንድ ነጥብ ቸርነት ይመስላል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን መርማሪው አይደለም፤ በዚያ ወረቀት ታምኖ የሚዘምተው ወታደርና ከጎኑ የሚሰለፈው ወንድሙ ናቸው።