ከላሞቹ ራስ በላይ የሚያልፍ ጀልባ

ከላሞቹ ራስ በላይ ጀልባ አለፈ።

ፍሬን ይዤ ቆምሁና አንድ እግሬን መሬት አስረግጬ እንደገና አየሁ። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ላሞች ሳሩ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። ከእነሱ ወዲያ ሳር የለበሰ የአፈር ግድብ ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቷል። በግድቡ አናት ላይ ነጭ ሸራ፣ ሸራውን ተከትሎም የአንድ ሰው ባርኔጣ፣ ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ውሃው ከግድቡ ማዶ ነው ማለት ነው። ያውም ከላሞቹ በላይ፣ ከገበሬው ቤት መስኮት በላይ፣ ከእኔም በላይ! ወንዝ ሁልጊዜ ከገደል ሥር ተወርዶ የሚፈለግበት ሀገር ላደገ ሰው ይህን ማየት ምን እንደሚያደርግ እንዴት ላስረዳ? ሳቄ መጣ። ብቻዬን፣ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ከልቤ ሳቅሁ።

ሀገሩ ሆላንድ ነው፤ ከአምስተርዳም በስተሰሜን ቤምስተር የሚባል ገጠር። ታላቅ እህቴ እዚያው አጠገብ፣ ፑርመረንድ በምትባል ከተማ ትኖራለች። በሰኔ ልጠይቃት ሄጄ ሦስት ቀን ከተማ ለከተማ ካዞረችኝ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት የባሏን የእሽቅድምድም ሳይክል ከዕቃ ቤት አወጣች። “በል ወንድምዓለም፣ እኔ ሥራ ልግባ፤ አንተ ሜዳውን አይተህ ና” አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። ሜዳ ምን ይታያል? እኔ ከእንጦጦ ሥር የተወለድሁ ልጅ ነኝ። ያየሁት ሀገር ሁሉ ወይ ቀና ብለው የሚያዩት፣ ወይ ቁልቁል የሚያዩት ነው። በቋንቋችንም ሁሉን ያጣ ሰው “ሜዳ ላይ ቀረ” ይባላል። ሳይክል የለመድሁትም በሰፈራችን በሰዓት በሚከራዩት ነበር፤ ቁልቁል በፍሬን፣ ሽቅብ በመግፋት። ከከፈልሁበት ሰዓት ግማሹ በመግፋት ያልቅ ነበር።

እዚህ መግፋት የለም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎሜትሮች እግሬ ዳገቱን ሲጠብቅ ይታወቀኝ ነበር፤ ከዚያች ጥግ በኋላ ይመጣል፣ ከዚያ ድልድይ በኋላ ይመጣል። አልመጣም። ካቴናው በቀስታ ይዘምራል፣ ጎማው አስፋልቱን ይልሰዋል፣ እኔ እበራለሁ። ትንፋሼ ደግሞ አላልቅ አለ! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቤምስተር ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 3.5 ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። ከባሕር በታች ያለ መሬት ሲባል እኔ የማውቀው ዳሎልን ነው፤ ጨው፣ ድኝና ንዳድ። ይኸኛው ለምለም ነው፤ የታጨደ ሳር ይሸታል፣ በየቦዩ ዳር ዳክዬ ጫጩቶቿን አስከትላ ትዋኛለች።

ለካስ ይህ ሁሉ ሐይቅ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በኢትዮጵያ በነገሡበት ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1607፣ የአምስተርዳም ባለ ገንዘቦች ሐይቁን አድርቆ መሬት ለማውጣት ገንዘብ አዋጡ። በሐይቁ ዙሪያ ግድብ ሠሩ፤ ከግድቡ ውጭ የሚከበው ቦይ ቆፈሩ፤ ከዚያም ውሃውን በነፋስ ወፍጮ እያወጡ ወደ ቦዩ ደፉት። በ1610 ሥራው እየተገባደደ ሳለ ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ገባና መልሶ ሞላው። እነሱም እንደገና ጀመሩ። በ1612 ሐይቁ ደረቀ። 43 የነፋስ ወፍጮዎች ሠርተውበታል። ያ ከላሞቹ ራስ በላይ ጀልባ ሲያልፍበት ያየሁት ውሃ እንግዲህ ያው የጥንቱ ቦይ ነው፤ ዛሬም ቤምስተርን እንደ መቀነት ይዞራል።

መሬቱ ሲወጣ ባዶ ወረቀት ነበርና በማስመሪያ አሰመሩት። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ቦዩ ቀጥ ያለ፣ ዛፉም በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ የቆመ ነው። ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንን መስመር ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ያሰለቻል ብዬ ነበር። አላሰለቸኝም፤ ምክንያቱም ሰማዩን እስከዚያ ቀን ድረስ ሙሉውን አይቼው አላውቅም ነበር። እኛ ሀገር ሰማይ በተራራ መካከል የሚታይ ቁራጭ ነው። እዚህ ከእግር ሥር ይጀምራል። የደመና ጥላ ከኋላዬ መጥቶ ሲያልፈኝ፣ ላሞቹን ሲያጠቁር፣ ከዚያ የሩቁን የቤተ ክርስቲያን ማማ ሲነካ በዓይኔ እከተለዋለሁ። የዘነበውንም ዝናብ ሳልረጥብ አየሁት፤ ሁለት መንደር ማዶ ነበር።

መንገድ መጠየቅም አላስፈለገኝም። የሳይክል መንገዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር አለው። እህቴ በቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን በተርታ ጽፋልኝ ነበር፤ አንዱ ጋ ስደርስ ምልክቱ ወደሚቀጥለው ያሳየኛል፣ እኔ ደግሞ እከተላለሁ። ዘዴውን ያመጣው ሁጎ ቦለን የሚባል ቤልጂየማዊ የማዕድን መሐንዲስ ነው። በ1995 በሀገሩ በሊምበርግ ተጀምሮ ወደ ሆላንድ ተሻገረ። ዋርካውን አልፈህ፣ ወፍጮ ቤቱን በቀኝ ትተህ እየተባለ መንገድ ሲመላከት ለኖረ ሰው በቁጥር መሄድ መጀመሪያ ደረቅ መሰለኝ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ግን የልጅነት ጨዋታ ሆነብኝ፤ የሚቀጥለውን ለማግኘት ፍጥነቴን ጨመርሁ።

ነፋሱ የመጣው ያኔ ነው። ፊት ለፊት፣ ሳይቆራረጥ፣ በደረቴ ገፋኝ። ማርሽ ቀነስሁ፤ ደግሜ ቀነስሁ። ከኋላዬ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አዛውንት ቢጫ ማሊያ ለብሰው ደረሱብኝ። በእጃቸው ከኋላቸው እንድገባ ጠቆሙኝና መከታ ሆነው ወሰዱኝ! ጥቂት ቆይተው “እኛ ተራራ የለንም፤ ተራራችን ነፋሱ ነው” አሉኝ በእንግሊዝኛ። ከዚያ እኔ ፊት ሆንሁ፤ ከዚያ ደግሞ እሳቸው። በእኛ ሰፈር በእሳቸው ዕድሜ ያሉ አባቶች ከዘራ ይዘው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኚህ አባት እየመሩኝ የሄዱበትን ያን ርቀት መቼም የምረሳው አይመስለኝም። መገንጠያው ላይ እጃቸውን አንስተው ተሰናበቱኝ።

ሚደንቤምስተር በሜዳው መሐል የተቀመጠች መንደር ናት። ያ ከሩቅ ሲታየኝ የነበረው ማማ የእሷ ነው። ከዚያ በላይ የማረኩኝ ግን የገበሬዎቹ ቤቶች ናቸው። ጣራቸው እንደ ፒራሚድ ከአራት አቅጣጫ ተነሥቶ ጫፉ ላይ ይገናኛል፤ ድሮ ሰውም ከብትም ድርቆሽም በዚያ በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ። ይህን ስሰማ የአያቴ የገጠር ቤት ትዝ አለኝ፤ ጥጆቹ ከግድግዳው ወዲያ ሲተነፍሱ እየሰማሁ የተኛሁበት ሌሊት። ስንት ሺህ ኪሎሜትር ርቄ መጥቼ እዚያው ቤት በር ላይ የደረስሁ መሰለኝ።

ከአንዱ ቤት ደጃፍ ትንሽ መደርደሪያ ቆማለች። ድንች፣ እንቁላል፣ እንጆሪ። ሻጭ የለም። ዋጋው በወረቀት ተጽፏል፣ ከጎኑ የሳንቲም ማስገቢያ ሣጥን አለ። ዞር ብዬ ፈለግሁ፤ ከውሻ በቀር ማንም የለም። ሳንቲሞቼን አንድ በአንድ ከተትሁ፤ ሲወድቁ የሚሰማው ድምፅ ደስ አለኝ። እንጆሪውን ቦዩ ዳር ተቀምጬ በላሁ። ፀሐይ ላይ የዋለ ስለነበር ይሞቃል፤ እንዲህ ያለ እንጆሪ በልቼ አላውቅም።

ደ ራይፕ የምትባለው መንደር በስተምዕራብ፣ ከግድቡ ውጭ ናት። የወፍጮዎቹን ሥራ ከመሩት አንዱ ያን አድሪያንስዞን ሌኽዋተር የተወለደው እዚያ ነው። በ1630 ለመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ነድፎላቸዋል፤ ዛሬም ቆሟል።

ከቤምስተር ውሃ አውጪ ወፍጮዎች አንድም አልቀረም፤ ሥራቸውን ፓምፕ ወስዶታል። ወፍጮ ለማየት ወደ ሰሜን ገፋሁ፤ በ1635 ወደደረቀው ሌላው ሐይቅ፣ ወደ ስኸርመር። ስኸርመርሆርን የምትባል መንደር አጠገብ በተርታ ቆመው አገኘኋቸው። ለምን በተርታ? አንድ ወፍጮ ለብቻው ውሃን ብዙ ከፍ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ከታችኛው ቦይ ያነሣል፣ ሁለተኛው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይጨርሰዋል፤ ሸክም እንደሚቀባበሉ ሰዎች። ውሃ ሽቅብ አይፈስም እያልን ያደግን ሰዎች ይህን ቆመን ልናየው ይገባል። ክንፎቹ በአጠገቤ ሲወርዱ ነፋሱን እየቆረጡ ያፏጫሉ፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር በስሱ ይርዳል። ስንት ሰዓት እንደቆምሁ አላውቅም።

ስመለስ ነፋሱ ከጀርባዬ ሆነ። በነፋስ የተገፋ ሰው ዝም ይላል፤ የጆሮው ጩኸት በአንዴ ይቆማልና። የሳሩን ሹክሹክታ፣ የሩቅ ትራክተር፣ የወፍ ድምፅ እሰማለሁ። ፔዳሉን አልረግጠውም ማለት ይቻላል፤ ሳይክሉ ግን ይከንፋል። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ተሰናብታን የምትሄድበት ሀገር ሰው ነኝና መሽቶብኛል ብዬ አልጠረጠርሁም። ስልኬ ሲጠራ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፀሐይዋ ግን ገና ከአድማሱ በላይ ናት፤ ቦዮቹን ሁሉ መዳብ አስመስላቸዋለች፤ የእኔና የሳይክሌ ጥላ ረዝሞ ማሳውን አቋርጦ ከላሞቹ ደርሷል።

“አንተ! እራቱ ቀዘቀዘ እኮ። የት ቀረህ?” አለች እህቴ።

“ሜዳ ላይ” አልኋት።