ምጣዱን አንሱ

ሐርጌሳ የሚመጣ መንገደኛ ካሜራውን የሚያዞርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ በከተማው መሐል ከፍ ብሎ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ አየር ኃይል የገዛ ከተማውን ለመደብደቡ መታሰቢያ ነው። ቀጥሎ የግመል ገበያው፣ ከዚያም የሽልንግ እሽግ እንደ ጡብ ደርድረው መንገድ ዳር የሚቀመጡት ገንዘብ መንዛሪዎች ይነሣሉ። ጊዜ ያለው ደግሞ በበርበራ መንገድ ወጥቶ ላስ ጌልን ያያል፤ አንገታቸው የተሸለመ ላሞች በቀይና በነጭ ቀለም የተሣሉበት፣ ሺህ ዓመታትን የተሻገረ ዋሻ ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2002 ለዓለም አስታወቁት እንጂ እረኞቹማ ዱሮም ያውቁታል። እኛ ያየነው በሰው ስልክ ላይ ነው፤ በስደተኛ ወረቀት ኬላ ማለፍ ሌላ ጣጣ አለው።

ፎቶግራፍ ያስፈለገን ለሌላ ጉዳይ ነበር። እናቶቻችን በተደወለ ቁጥር «ምን ትበላላችሁ?» ይሉናል። «ላሆህ» ብንላቸው አልገባቸውም።

ላሆህ የእንጀራ ታናሽ ወንድም ነው። ሊጡ ከማሽላና ከስንዴ ዱቄት ይቦካል፤ አንድ ጎኑ ብቻ ይበስላል፤ ዓይንም ያወጣል። ልዩነቱ እጅ ላይ ነው። የኛ እናቶች ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምረው ወደ መሐል ያዞሩታል፤ እዚህ መሐሉ ላይ አፍስሰው በጭልፋ ጀርባ ወደ ዳር ያሽከረክሩታል። ጠዋት በቅቤና በስኳር፣ ወይም በጉበት ጥብስ፣ ሔልና ቅርንፉድ ከገባበት የወተት ሻይ ጋር ይቀርባል። መጀመሪያ ሰሞን ቅቤና ስኳር አብሮ አልዋጥ ብሎን ነበር። አሁን ያጣነው ጠዋት ይከፋናል።

አንድ ማለዳ ከአንዲት ላሆህ ሻጭ ምጣድ ፊት ስልክ አወጣን። «ኤዶ፣ እናንሳዎት?» አልን። (አዲስ ለመጣችሁ፣ ኤዶ አክስት ማለት ነው።)

«አይሆንም» አሉ፤ ያውም በአማርኛ።

አማርኛውን ከየት አመጡት ብንል «ከሀርቲሼክ» አሉን። ከተማቸው ሲደበደብ ሕዝቡ ወደ አገራችን ሸሽቶ፣ ከጅጅጋ አልፎ የሰፈረበት ካምፕ ነው፤ የተዘጋው በ2004 ነው።

«ልጅ ነበርኩ። ፈረንጆች መጡና ሳህን ይዤ ተሰልፌ አነሡኝ። እናቴ ፊቷን ሸፈነች፤ እኔ ሳላውቅ ሳቅሁ። ያ ሥዕል ማን ዘንድ እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

አስተማሪዎች ነን፣ መልስ አናጣም፤ ያን ቀን ግን አጣን። ለወረቀታችን ግድግዳ ተደግፈን የተነሣነው ፎቶግራፍ ትዝ አለን። እሱም ማን ዘንድ እንዳለ አናውቅም።

ስልኩን ወደ ኪሳችን ስንመልስ ሳቁ። «ምጣዱን አንሱ፤ ምጣድ አያፍርም» ብለው ክዳኑን ከፈቱልንና እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ቆሙ። ላሆሁ ዓይኑን እያወጣ ሲበስል አነሣነው።

ሥዕሉን መጀመሪያ ያዩት የአንዱ ጓደኛችን እናት ናቸው፤ ደሴ ሆነው። «እንጀራው አነሰ» አሉ። «ደሞ አክንባሎው የት ሄደ? ይደርቅባችኋል እኮ!»

በማግሥቱ ለኤዶ ነገርናቸው። ጭልፋውን አንስተው፣ «ለናንተ ስል ነው የከፈትኩት በሏቸው» አሉን።