ተማሪዎቼ በጎንደር ያስተማሩኝ

በ2010 ዓ/ም ከትንሣኤ በዓል በኋላ፣ በደባርቅ የማስተምራቸውን ሠላሳ ያህል ልጆች ይዤ የታሪክ ቦታዎችን ላሳያቸው ወደ ጎንደር ወረድሁ። በሌሊት ተነሥተን ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ከኮሶዬ ገደል አፋፍ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ከልጆቹ የሚበዙት ጎንደርን አይተዋት አያውቁም ነበርና ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። እኔም ብዙ ዘመን ያስተማርሁትን ታሪክ እንደ ገና እነግራቸዋለሁ እንጂ የምማረው ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።

አስቀድመን የገባነው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ልጆቹ ጣራውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጠው ሲመለከቱ፣ በጥር 1880 ዓ/ም የደርቡሽ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል ነሥቶ ጎንደር እንደ ገባ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን እንዳቃጠለ፣ ሕዝቡን እንደ ገደለና እንደ ማረከ፣ ይህች ደብር ግን እንደ ተረፈች ነገርኋቸው። የአገሩ ሰዎች የሚተርኩትን የንቡን መንጋ ነገርም ጨመርሁላቸው። በሚከተለው ዓመት፣ በመጋቢት 1881 ዓ/ም፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ስለ መውደቃቸው ስተርክ አንዳንዶቹ አለቀሱ። ባዕድ የበደለን በደል ሲነገር የሁላችንም አንደበት ይፈታል።

ከዚያ በኋላ ወደ ከተማው መኻል ተመልሰን ከዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት አጠገብ ዐረፍን። ንጉሡ አገርን አንድ ለማድረግ ስለ ደከሙት ድካም ስናገር፣ አንዲት ልጅ እጅዋን አነሣች።

«መምህር፣ አያቴ ጎንደር ደርቡሽ ሳይመጣም ተቃጥላ ነበር ይላሉ። ያን ጊዜ ያቃጠላት ማን ነው?» አለችኝ።

መልሱን ዐውቀው ነበር። በ1859 ዓ/ም ጎንደርን ያስዘረፉትና አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠሉት ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ወደ ደብረ ታቦር፣ ኋላም ወደ መቅደላ ተጋዙ። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ/ም ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘረፈ፤ ከዚያ ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ከ300 የሚበልጡት እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። እኛም የእንግሊዝን ዝርፊያ ዘወትር እናነሣለን፤ ብዙዎቹ መጻሕፍት መቅደላ እንዴት እንደ ደረሱ ግን አንናገርም።

እኔም በዚያች ሰዓት «ቀኑ ሄዷል፤ ተነሡ፣ ምሳ እንብላ» ብዬ ነገሩን አለፍሁት። ልጅቱም ዐንገቷን ደፋች።

ከሰዓት በኋላ የፋሲልን ግንብ ስንዞር ልቤ ዕረፍት አጣ፤ ያን ዝምታ ከወዴት እንደ ተማርሁት ዐውቅ ነበርና። በ1970 ዓ/ም፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም በዚችው በጎንደር ተማሪ ሳለ ተይዞ ተገደለ። ለሟች ማልቀስ ክልክል ስለ ነበረ እናቴ በጓዳ ነጠላዋን በአፏ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ስሙ በቤታችን አልተጠራም። የገደሉት ከባሕር ማዶ የመጡ አልነበሩም፤ የጠቆመው የጎረቤታችን ልጅ ነበረ። እናቴና የዚያ ልጅ እናት ደግሞ በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ ነበሩ። ዝምታው አብሮ ለመኖር የተከፈለ ዋጋ ነበረ።

በ2002 ዓ/ም በአዲስ አበባ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አንድ ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ። በግድግዳው ከተደረደሩት ፎቶግራፎች መካከል የአጎቴን ፊት ፈልጌ አጣሁ። ለካስ ለመታሰቢያ የሚሠራው ቤት ምንም መልካም ቢሆን፣ በየጓዳው የተቆለፈውን ሐዘን የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ስንመለስ ኮሶዬ ላይ አውቶቡሱን አስቆምሁ። ልጅቱን በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠይቄ፣ የጠየቀችኝን ሁሉ መለስሁላት። አንድ ልጅም ደንግጦ «እንግዲያውስ ቴዎድሮስ ጀግና አይደሉም ማለት ነው?» አለ። «ለአገር አንድነት የደከሙትም እርሳቸው ናቸው፤ ጎንደርን ያቃጠሉትም እርሳቸው ናቸው። አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አያስፈልገንም» አልሁት። እስከ ደባርቅ ድረስ ሲከራከሩ ሄዱ።

የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን የሌላውን በደል ብቻ ሰምተው ቢያድጉ የራሳቸውን እጅ መመርመር ከወዴት ይማራሉ? ንስሓ የሚጀምረው «እኔ አደረግሁ» ከማለት ነው፤ ይህም ለአንድ ሰው እንደ ሆነ ሁሉ ለሕዝብም ነው።

በዚያው ሳምንት እናቴን የወንድሟን ስመ ክርስትና ጠየቅኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ ነገረችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በጸሎቷ ለብቻዋ ስትጠራው ኖራለች። ስሙን ለካህኑ ሰጠን፤ ጸሎተ ፍትሐት ተደረገለት፤ ያልወጣለት ተዝካርም ወጣ።

በዚያ ቀን የጎረቤታችን እናት ድፎ ዳቦ አስይዘው መጡና ከደጅ ቆሙ። እናቴም በምርኩዝ ተነሥታ ወጣች፤ እጃቸውን ይዛ አስገብታ ከአጠገቧ አስቀመጠቻቸው። የተነጋገሩትን አልሰማሁም፤ እስኪመሽ ድረስ ግን አብረው ተቀምጠው ነበር።