ወደ ቆቦ ስንወርድ ሕፃኑን ምን እናልብሰው?

ከጋሸና ተነስቶ በድልብ በኩል ወልድያ፣ ከወልድያም ቆቦ የሚወርድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ሁለት አየር ያያል። ጋሸና ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ደጋ ነው። ቆቦ ደግሞ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ የራያ ሜዳ ነው። በየ1 ሺህ ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ ጠዋት የግድ ያስፈለገው ጋቢ እኩለ ቀን ላይ ሸክም ይሆናል።

ጎብዬንና ሮቢትን አልፈን፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ሲታየን፣ ሚኒባስ ውስጥ ያለው አዋቂ ሁሉ ሹራቡን አውልቋል። ሕፃኑ ግን የሱፍ ኮፍያውን እንዳደረገ፣ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ነው። መስኮት ከተከፈተ «ልጁን ንፋስ ይመታዋል» እንባላለን። እናቶቻችን ይህን የተናገሩት ለደጋ ነበር፤ ለደጋም እውነት ነው። በቆላ ግን ያው ጥቅል ልጁን ይጎዳዋል። ጨቅላ የሰውነቱን ሙቀት እንደ ትልቅ ሰው ማስተካከል አይችልም፤ ሞቀኝ ብሎም ልብሱን አያወልቅም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በነርስነት ስሠራ ለእናቶች የምነግራቸው ነገር ቀላል ነበር፤ የልጁን እጅና እግር አትመኑ፣ ማጅራቱንና ደረቱን ዳብሱ። ማጅራቱ ካላበው ወይም ደረቱ ከጋለ አንድ ልብስ ቀንሱለት። ስለዚህ አንድ ወፍራም ከምናለብሰው ስስ የጥጥ ልብስ ደራርበን፣ ቁልቁል በወረድን ቁጥር አንድ አንዱን ማውለቅ ይሻላል። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ሙቀት ቢሆንም ውሃ አያስፈልገውም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። የወባ ትንኝ የምትነድፈው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ያን ጊዜ ለሙቀት ተብሎ ልጁን ራቁቱን መተው አይገባም። ስስ፣ እጅጌውና እግሩ ረጅም የሆነ የጥጥ ልብስ አልብሱት፤ በአጎበር ውስጥም ይተኛ።

አያቶች ሆይ፣ ይህን አደራ ያዙልኝ። ልጁ ቢያተኩሰው «የቆላው ሙቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ልብሱን ቀንሳችሁ፣ ጥላ ቦታ ጥቂት አቆዩትና እንደገና ለኩት። በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሁለት ወር ላልሞላው ጨቅላ ደግሞ አንድ ሰዓትም አትዘግዩ። ወባ ከተነደፉ በኋላ ለመታየት ብዙውን ጊዜ ሳምንትና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ፣ ትኩሳቱ ደጋ ከተመለሳችሁ በኋላም ሊመጣ ይችላል። ለባለሙያው መጀመሪያ የምትነግሩት «ቆቦ ሰንብተን ነበር» የሚለውን ይሁን።

ስትመለሱ ደግሞ በላብ ወይም በዝናብ የራሰውን ልብስ ዳገቱ ሳይጀመር ቀይሩለት። ውሃ ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ከሰውነት ሙቀት ይወስዳል። ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎችም የዋና ልብሳቸውን ውፍረት የሚመርጡት የውሃውን ሙቀት አይተው ነው። ያንኑ ሹራብ ከቦርሳው የምናወጣው እንግዲህ ወልድያን አልፈን ድልብን ስንወጣ ነው።